የእንግሊዙ ንጉሥ ሲቀላ ሲገባ

የድሮ የእንግሊዝ ትያትር ወደ አገራችን የሚያመጡ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉት ታውቃላችሁ? እንደ ሰልባጅ ኮት እጅጌውን ያሳጥሩታል፣ ቁልፉን ይቀይሩታል፣ ከዚያ «ልክ ለእናንተ የተሰፋ ነው» ይሉናል።

በደርግ ጊዜ አርባ ምንጭ አብሮኝ ያስተምር የነበረው ታደሰ የዚህ ዋና ሰፊ ነበር። ጨካኙን የእንግሊዝ ንጉሥ እዚያው አቅራቢያ ያለችው የጫኖ ባላባት አደረገውና በከተማው ሰፈር በሲቀላ ቀበሌ አዳራሽ አሳየን። ባላባቱ በመጀመሪያው ክፍል ሦስት ጭሰኞች አስገደለ፤ በመጨረሻው የሟቾቹ ወንድም ጎራዴ መዘዘበት። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ካድሬ ለማጨብጨብ እጃቸውን አዘጋጁ።

ይኼኔ ትያትሩን ሊያዩ ከጨንቻ ደጋ የወረዱ የጋሞ ሽማግሌዎች ብድግ አሉ። ደም ሊፈስ ሲል የጋሞ ሽማግሌ ዝም ብሎ ያያል እንዴ? ከደጅ እርጥብ ሳር ነጭተው መድረኩ ላይ ወጡና በጎራዴው ፊት ተንበረከኩ። በጋሞ ወግ ሳር የያዘ ሽማግሌ ታልፎ ሰው አይገደልም፤ ተዋናዩም የጋሞ ልጅ ነውና ጎራዴውን ጣለ።

«ፊውዳሉ መሞት አለበት!» አሉ ካድሬው።

«ልጄ፣ ከሞተ ማንን እናስታርቃለን?» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

በዚያ ጊዜ ፊውዳል ያዳነ መምህር የሚሄድበት ይታወቃል። ታደሰ ሮጦ መድረክ ላይ ወጣና ባላባቱን «ግለ ሂስ አድርግ!» አለው። ባላባቱ ጥፋቱን እያለቀሰ ዘረዘረ። ካድሬው ረኩ፣ ሽማግሌዎቹ መረቁ። ዕርቅ መሆኑን የሰሙት ሦስቱ ሟቾችም ከመጋረጃ ጀርባ ወጥተው ለምርቃት ተሰለፉ።

እንግሊዛዊው ደራሲ ቢያይ ምን ይል እንደነበር አላውቅም። እኔ ግን በዚያ ዘመን የተገደለ ሰው ተነሥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነውና መዳፌ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።