የአሰልጣኝ ማናዬ ቅናሽ

በየወረዳው፣ አንድ ዕቃ እንዴት እንደሚሠራ ከማስተማሩ በፊት ከየት እንደሚገዛ የሚያስተምር ሰው አይጠፋም። መኪና መንዳት የሚያስተምር ከሆነ ጎማ ነጋዴ ወዳጅ አለው፤ ልብስ ስፌት የሚያስተምር ከሆነ መርፌ ሻጩ አበልጁ ነው። ወረታ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክቡር አሰልጣኝ ማናዬ ናቸው። ሥራቸው የፎገራን ገበሬ የውኃ መሳቢያ ሞተር አያያዝ ማሰልጠን ነው።

ርብ ወንዝ ዳር ገበሬውን ሰብስበው፣ ጫማቸውን አስወልውለው ይቆሙና "የማስነሻውን ገመድ ከመሳባችሁ በፊት ሁለት ነገር እወቁ" ይላሉ። "አንደኛ ቤንዚን፣ ሁለተኛ መሐመድዘይን!" መሐመድዘይን የከተማው ሞተር ነጋዴ ነው። "ማናዬ ልኮኝ ነው በሉት። የእኔ ሰው ነው፣ ይቀንስላችኋል።" እውነትም ይቀንሳል። ለመቀነስ እንዲያመቸው ግን አስቀድሞ ይጨምራል።

ክቡርነታቸው ቦታ አይመርጡም። ለቅሶ ደርሰው "እግዜር ያጥናህ" ካሉ በኋላ ወደ ሐዘንተኛው ጆሮ ጠጋ ብለው "ያ ቱቦህ ግን ተሰንጥቋል፤ መሐመድዘይን ዘንድ አዲስ ገብቷል" ይላሉ። አንድ ጊዜ ወገባቸውን አሟቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረዱ። እስከ አንገታቸው ተዘፍቀው፣ ውኃው በገዛ ራሱ ሲፈልቅ አዩና ከልባቸው አዘኑ። "ሞተር የማይፈልግ ውኃ ምን ይሠራል?" አሉ ይባላል። ከመሐመድዘይን ምን እንደሚያገኙ በዓይኑ ያየ የለም። ሁሉም ሰው ግን ያውቃል።

ከሁሉም በላይ የምታውቀው ገላነሽ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ማሳውን ይዛ የቀረች ሴት ናት። ሩዙ ለቤት ቀለብ ነው፤ ልጇን እየሩስን ባሕር ዳር ነርስነት የሚያስተምረው ግን በበጋ የምትተክለው ሽንኩርት ነው። ስለዚህ ሞተር መግዛት ግድ ሆነባት። "የማናዬን ሆድ ለመሙላት ግን አልገዛም" ብላ ማለች። በማለዳ ተነሥታ ባሕር ዳር ሄደች፤ ተከራክራ ገዛች፤ ሞተሩን እንደ ጥጃ አቅፋ ተመለሰች። "ያለ ማናዬም ይገዛል!" እያለች ለሰፈሩ ሁሉ አሳየች።

አዲስ ንብረት ሳይባረክ ሥራ አይጀምርም። መምሬ ደስታው ተጠርተው መጡና ጸሎት አድርሰው ፀበል ረጩ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ግን ትሁን የምትባለው የገላነሽ እህት ርጭቱ አነሰባት። "ከላይ ከላዩ ምን ይሆናል? ልቡ ውስጥ ይግባ እንጂ!" አለችና ያገኘችውን ክዳን ከፍታ ከጆጉ የተረፈውን ፀበል አንቆረቆረችበት። የከፈተችው የቤንዚኑን ታንከር ነበር።

ሞተሩ ሳል ሳል አለና ዝም አለ። ገላነሽ ክንዷ እስኪዝል ገመዱን ብትስብ እንቢ አለ። ሽንኩርቱ ኳስ የሚይዝበት፣ ራሱ የሚያብጥበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ውኃ ካጣ የእየሩስም ትምህርት አብሮ መቅረቱ ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ መተኛት ጀመረ። የባሏ ወንድም ባየህና ጎረቤቶቹ አጥር ላይ ተደግፈው "አይ!" እያሉ ያያሉ። በመጨረሻ ገላነሽ ኩራቷን ውጣ ስልክ ደወለች።

"እትዬ ገላነሽ፣ ከማን ገዛሽው?" አሉ አሰልጣኝ ማናዬ።

"ከባሕር ዳር።"

"ማን ልኮሽ?"

"ማንም።"

"ማንም!" አሉ፣ የዘመድ መርዶ እንደተረዳ ሰው። ስልኩ ተዘጋ። ገላነሽ አበቃልኝ ብላ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ብዙም ሳይቆይ ግን ሞተር ሳይክላቸው እያጓራ መጣ።

ታንከሩን በጠርሙስ ሲያንጠፈጥፉ ቤንዚኑ ከላይ፣ ውኃው ከታች ተለያይቶ ታየ። "ውኃ! የትኛው ደንቆሮ ነው ውኃ የጨመረበት?" ብለው ጠርሙሱን ሊደፉት አነሡ።

"ፀበል ነው" አለች ገላነሽ አንገቷን ደፍታ።

የአሰልጣኙ እጅ አየር ላይ ቀረ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ይኼማ እግር በሚረግጠው ላይ አይደፋም" አሉና ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንደ ታቦት አጃቢ ቀስ እያሉ፣ ሰው ከማይደርስበት ሾላ ሥር ወስደው አፈሰሱት። "ባለማወቅ ነው፣ ይቅር በለን" ብለው አማተቡ። ሾላው ስለ ቤንዚኑ ምን እንዳለ አልታወቀም።

ከዚያ ሌላ ጣጣ ወጣ፤ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ተበላሽቷል። መሐመድዘይን ጋ ደወሉ፤ የስልኩ ድምፅ ለሁሉም ይሰማ ነበር።

"ለማን ነው?" አለ መሐመድዘይን።

"ለገላነሽ።"

"እሷማ ባሕር ዳር ሄዳ ነው የገዛች! ለእኔ ደንበኛ እስፔር የለኝም ስል፣ ለሰው ደንበኛ ልላክልህ?"

"ሽንኩርቱ ሞተሩ ከማን እንደተገዛ ያውቃል እንዴ? አሁኑኑ ላክ። አለዚያ ከነገ ጀምሮ ገበሬውን ሁሉ ባሕር ዳር ነው እምልከው!"

"ኧረ ተው ማናዬ" አለ መሐመድዘይን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እሺ፣ ባጃጅ ተነሥቷል። ልቀንስላት?"

"ከእሷ ምንም አትቀበልም። በእኔ ያዘው።"

ካንዴላው ደረሰ። ክቡርነታቸው የተተኮሰ ሱሪያቸውን ሳይሰበስቡ እስከ ጉልበታቸው ርብ ውስጥ ገብተው የመሳቢያውን አፍ ከጭቃ አወጡ። ሞተሩ አንድ ጊዜ አጉረመረመና ተነሣ። ውኃው ቦዩን ይዞ ሽንኩርቱ ሥር ሲደርስ ገላነሽ በነጠላዋ ዓይኗን ሸፍና አለቀሰች። ደስ ብሏት፣ አፍራም ነበር።

በማግስቱ ባየህ መጣና ቀና ያለውን ሽንኩርት እያየ ፈገግ አለ። "ለመሆኑ ያ ደላላ ስንት በላሽ?"

"ስሙን በክፉ እንዳታነሣብኝ!" አለች ገላነሽ መቆፈሪያዋን መሬት ላይ ተክላ። "ሽንኩርቴ ሲደርቅ እማይበሉኝ ሁሉ አጥር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ወንዝ የገባልኝ ያ ይበላል እምትሉት ነው። ከእንግዲህ እሚበላኝ ካለ፣ እሱ ይብላኝ!"