የማገር አሮጌ በር

የሰደበኝ ኢንጂነር ልዑልሰገድ ነው። ጊዜው ያለፈው ዓመት የጥር ሚካኤል ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቦታው የአቶ ቢምረው ልጅ የሠርግ ድንኳን። ከጥግ ተቀምጬ ስበላ ሳህኑን እንደያዘ መጥቶ አጠገቤ ቆመና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጥጋቡ፣ አሁንም በዚያ በሞተ ፕሮግራም ነው ማመልከቻ የምትጽፈው? ሠሪውም ሥራ ፈት፣ ተጠቃሚውም ሥራ ፈት!» አለኝ። ሰው ሳቀ። አማቼ ሳይቀር ሳቀ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ዝም ያልኩት ግን መልስ አጥቼ አይደለም፣ አፌ ሙሉ ስለነበረ ነው።

ሞተ ያለው ማገርን ነው። ማገር እኔ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ የሚኖረው ናሁሰናይ የሚሠራው ነገር ነው። ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን መስኮት፣ የሚጫኑትን ቁልፍ፣ የሚጻፍበትን ሳጥን ሁሉ ከባዶ እንዳይጀምሩ እሱ አስቀድሞ ማገሩን ማግሮ ያቆምላቸዋል፤ እነሱ የሚቀራቸው ጭቃውን መምረግ ብቻ ነው። ይህን የሚያህል ሥራ በነፃ ይሰጣል። ውስጡም ክፍት ነው፤ የፈለገ ገልጦ ያየዋል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። የሚያሻሽል ግን እስካሁን አልመጣም። ናሁሰናይ ቀን ቀን የሰው ኮምፒውተር እየጠገነ ይኖራል፤ ከዚያ የተረፈውን ዕድሜውን ማገር ይበላዋል።

እኔ ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ላስቲክ ዳስ ውስጥ ማመልከቻ የምጽፍበት ፕሮግራም የቆመው በማገር ላይ ነው። ኮምፒውተሬ አሮጌ ነው፤ አዳዲሱን ፕሮግራም ሲጭኑበት እንደ አስም በሽተኛ ያለከልካል። በማገር የተሠራው ግን ይሮጥበታል። ናሁሰናይ የሚተዳደርበት አንድ ሕግ አለው፤ አዲስ በር ይከፈታል እንጂ አሮጌ በር አይዘጋም። የዛሬ ዐሥር ዓመት በማገር ላይ የተሠራ ፕሮግራም ዛሬም እንደ ቤቱ ገፍቶ መግባት አለበት ይላል። እንዲህ ያለ ሕግ ያለው ሰው እኔ ሌላ አላውቅም። የማውቃቸው ሁሉ ትናንት የገቡበትን በር ዛሬ የሚዘጉ ናቸው።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ይኸው ሰው ዳሴ ድረስ መጣና፣ «ጋሼ ጥጋቡ፣ በቃኝ። ከእንግዲህ ማገርን አልነካም» አለኝ።

«ምነው? ምን ሆንክ?»

«ሰው ስሜን የሚያውቀው ሲበላሽበት ብቻ ነው። ሲሠራለት የት አለ?»

ኮምፒውተር በየጊዜው ጠባዩ ይለዋወጣል፤ ማገርን ከአዲሱ ጠባይ ጋር የሚያስማማው ሰው ከተወው፣ አንድ ቀን ጠዋት ከፍቼ የማገኘው ባዶ መስኮት ነው። ያኔ እኔም ዳሴን አፍርሼ መግባቴ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ምን ሌላ ሥራ ልይዝ? ቤቴ ገባሁና ተኛሁ። እንቅልፍ ጣል እንዳደረገኝ ከተማው ተገለበጠ።

በሕልሜ ረፋድ ነው፤ ፀሐይዋ ሞቅ ብላለች። ፍርድ ቤቱ ጋ ስደርስ ዳኞቹ በላስቲክ ዳስ ተቀምጠው ማመልከቻ ይጽፋሉ። ባለጉዳዮቹ በመስኮት ብቅ እያሉ «ነገ ተመለሱ!» ይሏቸዋል። ዳኞቹም ካባቸውን ሰብስበው «እሺ ጌቶቼ» ይላሉ። ማንንም አልገረመው። እኔንም አልገረመኝ።

ከዚያ የሚጀምር ሰልፍ አየሁ፤ መጨረሻው አይታይም። አጠገቤ የቆመውን ሰውዬ ትከሻውን ነካ አደረግሁት። የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ከረባቱን ወገቡ ላይ ታጥቆ መጥረቢያ ይዟል።

«የምን ሰልፍ ነው?»

«ማገርን ልናቆም ነዋ! አንዲት ቁልፍ እንኳ እንድናስተካክል ቢፈቀድልን ብለን ነው። ባንኩን ዘግቼው መጣሁ።»

«የባንኩ ሠራተኞችስ?»

«እነሱም ከፊቴ ናቸው።»

ሰልፉን ተከትዬ ራሱ ጋ ስደርስ በርጩማ ላይ አንዲት ገብስማ ዶሮ ቆማለች። ሁሉም የሠራውን ሥራ በወረቀት ከእግሯ ሥር ያነጥፋል፤ እሷ ትርፍ ትርፉን እየለቀመች ትውጣለች። ጥሩ የሠራው ሰው ወረቀቱ ሳይነካ ይመለስለትና እልል ይባልለታል። አንድ ወፍራም ሰውዬ ያነጠፈውን ለቅማ ለቅማ ስትጨርስ ወረቀቱ ላይ የቀረው የራሱ ስም ብቻ ሆነ። ትንሽ አሰበችና ስሙንም ለቀመችው።

«ማን ነኝ ልበላቸው እንግዲህ?» አለ ሰውዬው፣ ስሙን አጥቶ።

«ሥራው ሲገባህ ና፣ እንሰይምሃለን» አለችው።

«እሺ እሜቴ» ብሎ እጅ ነስቶ ሄደ።

ወዲያው አንዱ አየኝና «ተጠቃሚው መጣ!» ብሎ ጮኸ። ሰልፉ እንዳለ ዞረ። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እዚህ አገር አንድ ሰው ይሠራል፣ ሺህ ሰው ይጠቀማል። በሕልሜ አገር ሺህ ሰው ይሠራል፣ የሚጠቀመው አንድ ሰው ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉኝ። «ቅሬታ የለዎትም? በእመብርሃን፣ አንድ ቅሬታ!» ይላሉ። አንዳንዱ ያለቅሳል።

ቁልቁል ሳይ የያዘኝ ሰው ልዑልሰገድ ሆኖ ተገኘ። በነጠላው ጫፍ የኮምፒውተሬን ቁልፎች አንድ በአንድ ይወለውላል። አንቱ ብሎኝ የማያውቀው ሰውዬ፣ «ጋሼ፣ የሚጎረብጥዎ ፊደል የለም?» አለኝ።

የሚጎረብጠኝ ፊደል የለም። ግን እንዲህ ያለ ቀን ሁለተኛ ይገኛል? «አለ እንጂ!» አልኩት። «ያቺ ‹ሟ› እግሯ ያሳክከኛል።»

«ሟ!» አለ ልዑልሰገድ። «ሟ! ሟ!» አለ ሕዝቡ። ግማሹ ሰልፍ መሰላል ይዞ ወደ ሟ ሮጠ። እኔ በደስታ ልሞት ደረስኩ።

ወደ አደባባዩ ወሰዱኝ። ማገር እዚያ ቆሟል። ለካ ቤት ኖሯል! ጭቃ ያልነካው፣ እንጨቱ ሁሉ በልጥ የታሰረ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ትልቅ ቤት። ወርዱ ከአደባባዩ ይሰፋል። ቋሚዎቹን በእጄ ዳሰስኳቸው፤ አንዱም አልተነቃነቀም። ልጡ የታሰረበትን ቦታ ሳይ ደግሞ እያንዳንዱ ቋጠሮ አንድ ዓይነት ነው፤ ማንም በማያየው በጣሪያው ጥግ ያለው ሳይቀር። አንድ እጅ ያሰረው መሆኑ ያስታውቃል።

ናሁሰናይ ከቤቱ ውጭ አልጋ ላይ ተኝቷል። በሰባት ብርድ ልብስ ጠቅልለውታል። ሊነሣ ሲል ዙሪያውን የቆሙት፣ «ተኛ! አንተ በቂህን ሠርተሃል!» ይሉታል። ወዙ ጠብ ይላል።

«እንዴት ነህ ናሁ?» አልኩት።

«አንዲት ልጥ ላጠብቅ ብዬ እጄን ብዘረጋ እጄን አጥበው መለሱልኝ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ትናንት ብቻዬን ሆኜ ደከመኝ፤ ዛሬ በሰው ብዛት ልሞት ነው።»

ይህን ስንባባል ልዑልሰገድ በቤቱ ፊት ቆሞ ይለካል። «በሩ ወደ ግራ ሄዷል፤ መሐል ላይ ቢሆን ያምራል» አለ። ሺህ ሰው «ያምራል!» አለ። ዶሮዋን ጠሯት። መጣች፣ ዞረች፣ አየች። ሥራው ንጹሕ ነው፤ የሚለቀም ትርፍ የለውም። አለፈ ብላ ክንፏን አራገፈች። ዓይኔን ጨፍኜ እስክገልጥ ድረስ የድሮው በር ተማግሮ ግድግዳ ሆነ፤ መሐል ላይ አዲስ በር ተከፈተ። እውነት ለመናገር ያምር ነበር።

ከዚያ አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች ከሥራ መመለስ ጀመሩ። ማደሪያቸው ማገር ውስጥ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ፕሮግራም ነጭ ጋውን የለበሱ አሮጊት ናቸው፤ ኪሳቸው በብልቃጥ ተሞልቷል። የትምህርት ቤቱ ሮስተር ጎበጥ ያሉ መምህር ናቸው፤ እየሄዱም ውጤት ይደምራሉ። የእኔ መጻፊያ ደግሞ በቅሎ ናት፤ ማመልከቻ ተጭናለች። ሁሉም ዓይነ ስውር ናቸው። በሩን የሚያውቁት በእግራቸው ልማድ ነው።

አሮጊቷ እንደወትሯቸው መጡና ግድግዳው ላይ ጓ! አሉ። ብልቃጦቹ ተሰባበሩ። መምህሩ ተከትለው ጓ! ድምሩ ጠፋባቸው፤ ከአንድ ጀመሩ። በቅሎዬ መጣች፤ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አድርጋ ትገፋ ጀመር። ወደ ኋላ አትልም፣ ወደ ጎን አትልም፣ ትገፋለች። ደም ከግንባሯ ወረደ።

«በሩ ወዲህ ነው! ወዲህ!» ይላል ልዑልሰገድ እያጨበጨበ።

«አያዩም እኮ!» አልኩት።

«ታዲያ ይልመዱ! ዘመኑ ተለውጧል!»

አጠገቤ የነበረው የባንክ ሥራ አስኪያጅ፣ «ፀሐይ ስትገባ ውጭ የተገኘ ፕሮግራም እስከ መቼውም አይነሣም» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ፀሐይዋ እንደ ኳስ እየተንከባለለች ወደ ተራራው ትወርዳለች።

ወደ አልጋው ሮጥኩ። «ናሁ፣ ተነሥ!»

«ትቼዋለሁ አልኩዎ እኮ ጋሼ» ብሎ ፊቱን አዞረ። ከዚያ ጆሮውን ቀና አደረገ። «ያ ጓ ጓ የሚለው ምንድን ነው?»

«በቅሎዬ ናት። በሩ በነበረበት በኩል ልትገባ ነው።»

ሰባቱንም ብርድ ልብስ ባንድ ጊዜ ገፈፋቸው። «ተኛ! ተኛ!» ብለው ተረባረቡበት፤ በመሐላቸው ሾልኮ ወጣ። ባዶ እግሩን ነው። ማንንም አልተቆጣም፣ በማንም ላይ አልጮኸም። መጀመሪያ ወደ በቅሎዋ ሄዶ ግንባሯን በመዳፉ ያዘላት። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደነሱ ዕውር ሆኖ፣ በእግሩ እየዳሰሰ መጣና የድሮው በር የነበረበት ላይ ቆመ። ልክ እዚያው ላይ! ልጡን በጥርሱ ፈታው።

«ጋሼ፣ ይቺን ቋሚ ይያዙልኝ።»

ያዝኩለት። እጁ ሲሠራ ማየት ነው! አንዱን ማገር ያወጣል፣ የቤቱን ክብደት በትከሻው ይችላል፣ ሌላውን ያስገባል። ጣሪያው ላይ አቧራ እንኳ አልተነሣም። እኔ ብሆን የዚያን የልዑልሰገድን በር ነቅዬ ለራሱ ባስታቀፍኩት። ናሁሰናይ ግን በአጠገቡ ሲያልፍ፣ «ያንተም በር ጥሩ ነው፤ ይኑር። ሌላ የሚገባበት ይመጣል» አለው።

አሮጌው በር ተከፈተ። አሮጊቷ ገቡ። መምህሩ እየደመሩ ገቡ። በቅሎዬ ጭራዋን ወዝወዝ አድርጋ ገባች። የመጨረሻዋ ሰኮና ከመድረኩ ስታልፍ ፀሐይዋ ጠለቀች። አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩትም።

«በሩ ተከፍቶላቸው መግባታቸውን እንኳ አላወቁም» አልኩት ተናድጄ።

«እውነት? አላወቁም?» አለና እንደ ሕፃን ሳቀ።

ያኔ ዶሮዋ ትከሻዬ ላይ ወጥታ፣ «ተጠቃሚው ይናገር!» አለች። ሺህ ሰው ወደኔ ዞረ። ልዑልሰገድ ነጠላውን አደግድጎ ከፊቴ ቆመ። ናሁሰናይን አየሁት፤ ግንባሩን በእጁ ጀርባ ይጠርጋል። ለእሱ የሚገባውን ምስጋና፣ ለዚያኛው የሚገባውን መልስ ባንድ ላይ ልናገር ጉሮሮዬን ጠርጌ አፌን ከፈትኩ። የወጣው ድምፅ ግን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ነው። ደግሜ ሞከርኩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ።

ነቃሁ። ነግቷል። ድምፁ ከውጭ ነው የሚመጣው።

ብወጣ ናሁሰናይ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይመታል። ዓይኑ ቀልቷል።

«ትናንት አልነካም አላልክም?»

«ይቺን ብቻ ነው ጋሼ። አንድ የማላውቀው ሰው ጽፎልኝ ነው። የሚሠራው ክሊኒክ ካርድ ክፍል ነው፤ የበሽተኞቹ ካርድ አልከፈት ብሎታል።»

«ምን ብሎ ጻፈልህ?»

«‹ይህን ቆሻሻ የሠራኸው ደንቆሮ አንተ ነህ?› ይላል።»

«እና ለዚህ ሰው ነው የምትሠራው?»

«ስህተቱ እኮ እውነት ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ከዚህ በኋላ ግን አልነካም።»

አጠገቡ ቆሜ ጣቶቹን አየሁ። በየት አገር እንዲህ ያለ ሰው አለ?

አከራያችን እትዬ የሺመቤት የታጠበ ልብስ ታቅፈው ብቅ አሉ። እሱን አዩ፤ እኔን አዩ። «አይ አምላኬ!» አሉ ለግቢው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። «በነፃ የሚሠራ ተከራይ አንሶኝ፣ እሱን ቆሞ በነፃ የሚያይ ሌላ ጨመርክልኝ? ጥጋቡ፣ አንተ እንኳ በዚህ ዕድሜህ አታፍርም?»

ኮቴን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ በአጠገባቸው አልፌ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።