ማህጁብ ወፍጮ ሲያቆሙ

በየሰፈሩ ልጁን ውጭ አገር ልኮ ራሱም በሐሳብ አብሮ የተሳፈረ አንድ አባት አይጠፋም። ልጅ አውሮፕላን ትሳፈራለች፤ አባት በባጃጅ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በሳምንቱ ግን ስለዚያ አገር የማያውቀው ነገር የለም። አውቶቡሱ የት እንደሚቆም፣ ዳቦው እንዴት እንደሚጋገር፣ ብርዱ በየት በኩል እንደሚገባ ይነግራችኋል። እኛ ሰፈር የለም ካላችሁኝ እናንተው ናችሁ ማለት ነው።

አሶሳ ውስጥ እኔ ባለሁበት ሰፈር ይህን ሹመት የያዙት ባለ ወፍጮው ክቡር አምባሳደር ማህጁብ ናቸው። ከጎረቤት ከተማ ከባምባሲ ወዲያ ተሻግረው አያውቁም። ልጃቸው ብኸይታ ግን ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ቱርክ አገር፣ ኮንያ የምትባል ከተማ ገብታለች። ምህንድስና ልትማር ነው፤ ለጊዜው ቋንቋውን እያጠናች ነው። አባትየው ቋንቋውን ሳያጠኑ አገሩን ጨርሰውታል። «እኛ ቱርክ አገር እንዲህ አይደለም» ሳይሉ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም። መብራት ሲጠፋም ይሏታል፤ ሰልፍ ሲዛባም ይሏታል፤ ማንጎ ሲበሰብስም ይሏታል።

እኔ ታረቀኝ እባላለሁ፤ ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ይህ ማዕረግ ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያበቃል። አንድ ቀን ስለ ኮንያ ባሕር ሲያወሩ አፌ አላርፍ ብሎ «ኮንያ እኮ ባሕር የላትም» ብል አምባሳደሩ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አስተማሪ፣ አንተ ካርታ አለህ፤ እኔ ልጅ አለኝ» አሉ። ሰልፍ የያዙት ሴቶች ሳቁብኝ። ክርክሩን ተረታሁ፤ ኮንያም ከዚያን ቀን ጀምሮ ባሕር ኖራት።

ስልካቸው ሲጮህ ወፍጮው ይቆማል። «ኸላስ! ብኸይታ ነው!» ይላሉ። አማርኛን የለመዱት ገበያ ውስጥ ስለሆነ ሴቱም ወንዱም በእሳቸው ዘንድ እኩል ነው። ሞተሩ ይጠፋል፤ ማሽላ የተሸከመም በቆሎ የተሸከመም ባለበት ይቀራል። ጆሯቸውን የሞተር ጩኸት ስላደከመው ስልኩ የሚከፈተው በድምፅ ማጉያ ነው፤ ማጉያውን ማጥፋት ደግሞ አያውቁበትም። ልጅቷ በአገሬው ቋንቋ በበርታኛ ታወራለች፣ እሳቸው ለሕዝቡ ወደ አማርኛ ይመልሳሉ፣ ሲያበቃም እዚያው ዱቄት ውስጥ ቆመው መመሪያ ይሰጣሉ። እኛም የፈጨነውን ሳይሆን የሰማነውን ይዘን ወደ ቤታችን እንገባለን።

ያለፈው ሳምንት ግን የጉድ ሳምንት ነበር። ሰኞ ዕለት ልጅቷ አውቶቡስ ተሳስታ ተሳፍራ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ትሄዳለች። ሹፌሩ አዝኖላት ሻይ ጋብዞ በዚያው አውቶቡስ መለሳት። ሌላ አባት ቢሆን «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሞተሩን ያስነሳል። የእኛ አምባሳደር ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«ሹፌሩ ስሙ ማነው? የማን ልጅ ነው?»

አልጠየቀችም።

«የሰው ሻይ ጠጥቶ ስም አይጠይቅም? ነገ ሂድ፣ ፈልግ! ‹አባቴ ሰላም ብሎሃል› በል!»

ምስኪን ብኸይታ ማክሰኞን ከአውቶቡስ አውቶቡስ ስትቀያይር ዋለች። ሰውየውን አገኘችው፤ ሰላምታውንም አደረሰች። ሹፌሩ ሜህሜት እንደሚባልና እሱም ለአባቷ ሰላምታ እንደላከ ስትነግራቸው አምባሳደሩ ደረታቸውን ነፍተው «መሐመድ ማለት ነው፤ የእኛው ሰው ነው» ብለው አወጁ። እስከ ምሽት ድረስ ያላወቀ አልነበረም።

ረቡዕ ደግሞ ባሚያ የምንለውን የአገሯን አትክልት አገኘች። እዚያ ባሚያ የትንሽ ጣት ጥፍር ታክላለች አሉ፤ አድርቀው እንደ መቁጠሪያ በክር ሰክተው ይሸጧታል። ልጅቷ ናፍቆቷ ተነስቶ በተማሪዎቹ ማብሰያ ቤት ገንፎ በባሚያ ልትሠራ ገባች። ገንፎው አረረ፤ የጢስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ሕንፃው ውስጥ ያለ ተማሪ ሁሉ በሌሊት ልብሱ ብርዱ ላይ ወጣ። አምባሳደሩ ይህን ሲተረጉሙልን በኩራት ሊፈነዱ ምንም አልቀራቸውም። «ገንፎ ሠርቶ ሕንፃ ሙሉ ሰው አስወጣ! ወላሂ፣ ይሄ ነው ልጅ!»

ሐሙስ ስልኩ ሲጮህ እንግዲህ ዛሬ ምን አቃጠለች እያልን ጆሯችንን ቀሰርን። የልጅቷ ድምፅ ግን ከወትሮው ቀጠነብን። ጥቂት ተናገረች። አምባሳደሩ አልተረጎሙም። ስልኩን በሁለት እጃቸው ጥብቅ አድርገው ያዙ።

አጠገቤ እማማ ዘነቡ ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ መጥተው እዚሁ ያረጁ፣ በርታኛ እንደ ውኃ የሚጠጡ ሴት ናቸው። «ምን አለች?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ወይ ጉዴ! ትምህርቱን ትቼ ልመጣ ነው አለች!»

ነገሩ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ነገር ነበር። አይጌሪም የምትባል የካዛኪስታን ልጅ ናት። ብኸይታ በየማለዳው አገሯ እንደሚደረገው ቁጭ ብላ «እንዴት አደርሽ? እናትሽ ደህና ናቸው? አባትሽስ? ከብቶቹስ?» ትላታለች። ያቺ «ደህና» ትልና ብርድ ልብሷን ትከናነባለች። የእናቷን ደኅንነት ተጠይቃ የማትመልስ፣ መልሳም የማትጠይቅ! ብኸይታ ታገሠች፣ ታገሠችና በመጨረሻ አኮረፈች። ሳምንቱን በሙሉ አላናገረቻትም። «ሰው የሌለበት አገር ነው፣ ባባ» ነው ያለችው። ያ ዕድል ደግሞ አንዴ ጥለውት ከመጡ ተመልሶ የሚገኝ አይደለም፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

አምባሳደሩ ቀና አሉ። «ሽማግሌ እንልካለን።»

«የት?» አልኩ።

«ቱርክ አገር ነዋ!»

ይኸው በእሁድ ቀን ወፍጮ ቤት ተቀመጥን። ሰብሳቢው የሰፈሩ ሽማግሌ ሼህ ሻዕባን ሆኑ፤ እማማ ዘነቡ ታከሉ፤ እኔም ለካርታው ይሁን ለምኑ ሳላውቅ ተመረጥኩ። ስልኩ የማሽላ ማዳበሪያ ተደግፎ ቆመ። በምስሉ ላይ ሁለት ልጆች በየአልጋቸው ጠርዝ ተቀምጠዋል፤ አንዷ ፊቷን አጨፍግጋለች፣ ሌላዋ ግራ ገብቷታል። አንድ ችግር ብቻ ነበር። ካዛኳ አማርኛ አታውቅም፣ እኛ ቱርክኛ አናውቅም፤ ስለዚህ ከሳሿ ራሷ አስተርጓሚ ሆነች።

ሼህ ሻዕባን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ አይጌሪም፣ ይህች ልጅ ምን በድላሽ ነው የተጣላችሁት?»

ብኸይታ ተረጎመች። ካዛኳ ዓይኗን አፈጠጠች፤ ከዚያም ብዙ አወራች፣ እጇንም አወናጨፈች።

«ምንም አልበደለችኝም አለች» አለች ብኸይታ።

እማማ ዘነቡ ዘለሉ። «አንቺ ልጅ! ያቺ ይህን ሁሉ ለፍልፋ አንቺ በሁለት ቃል? ያለችውን ሁሉ አውጪው!»

ብኸይታ አቀረቀረች። «ተጣልተናል እንዴ? ነው ያለችው። ለፈተና እያጠናሁ ዝም ያልኩ መስሏት ነበር። እንዳልረበሽ ብላ እሷም በጣቷ ጫፍ እየሄደች ከረመች።»

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ለካስ ኩርፊያ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ልጃችን ብቻዋን አኩርፋ ሳምንት ከርማለች! ሼህ ሻዕባን በዓይናቸው ገሠጹኝና ቀጠሉ። «ሰላምታውንስ? ስለ እናቷ ስትጠየቅ ለምን አልመለሰችም?»

ይህኛውን ብኸይታ ቀስ ብላ ጠየቀቻት። መልሱንም ተረጎመችልን። «በየማለዳው እናትሽ፣ አባትሽ፣ ላሞችሽ ስትይኝ የቱርክኛ መጽሐፉን የመጀመሪያ ምዕራፍ የምትለማመጂ መስሎኝ ነበር አለች። እንዲያውም ጎበዝ ተማሪ ናት እል ነበር አለች። ‹እውነትሽን ነበር እንዴ የምትጠይቂኝ?› እያለችኝ ነው።»

«እውነቷን ነዋ!» አልን ሦስታችንም በአንድ አፍ።

ከዚያ ያቺ ልጅ ሳትመልሰው የከረመችውን ሰላምታ ሁሉ አንድ በአንድ መመለስ ጀመረች። እናቷ ደህና ናቸው። አባቷ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ በረዶው ሲመጣ ይብስባቸዋል። ታናሽ ወንድሟ አስቸግሯል። አንዷ ላም ወልዳለች። ይህን ስትናገር እንባዋ ይወርድ ነበር፤ ከመጣች ወዲህ ስለ ቤቷ የጠየቃት ሰው የለም። እማማ ዘነቡ እያለቀሱ የጥጃዋን መልክ ጠየቁ። ቡሬ ናት። ሼህ ሻዕባን «በሉ ተነሱ፣ ተቃቀፉ» አሉ፤ ተቃቀፉ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ እማማ ዘነቡ በራሳቸው በኩል መረቁ፤ እኔም አሜን አልኩ። ብኸይታ ዓይኗን እየጠረገች «አልመጣም፣ ባባ» አለች።

ልብ ያልኩት ያኔ ነው። ስለ ቱርክ ዝም ማለት የማያውቁት ክቡር አምባሳደር በዚያ ሁሉ ሽምግልና አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ሰው ሲበተን እኔ ቀረሁ። «እንኳን ደስ አለዎት! ልጅዎ ትምህርቷ ላይ ቀረች» አልኳቸው።

ስልኩን በመዳፋቸው እያሹ ቆዩ። «አስተማሪ፣ ሐሙስ ቀን ‹ልመጣ ነው› አለኝ። እኔ ደስ አለኝ። ወላሂ፣ ደስ አለኝ። አልጋውን ላነጥፍለት ሁሉ አሰብኩ።»

«ታዲያ ሽማግሌውን ለምን ሰበሰቡ?»

«ብቻዬን ብሆን ‹ና› እለው ነበር። ‹ና ልጄ፣ ና ቤትህ ግባ› እለው ነበር። ሰው ፊት ግን እንዲህ አይባልም። ስለዚህ ሰው ጠራሁ።»

እኚህን ሰውዬ እወዳቸዋለሁ፤ ይኸው ተናገርኩት። አጠገባቸው ማዳበሪያው ላይ ተቀመጥኩና «እስኪ ዛሬ ኮንያ እንዴት አደረች?» አልኳቸው። በጀለቢያቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉና ከማለዳው ብርድ ጀመሩልኝ።