ሊቀ ጣፊያ አብዱረዛቅ

ሐኪም ቤት የሌለበት ከተማ ሞልቷል፤ ሳይማር የተመረቀ ሐኪም የሌለበት ከተማ ግን እስካሁን አልተገኘም። ጃንሆይ ሰማንያ ዓመት በሞላቸው ጊዜ የሸዋ ሮቢቱ ሐኪም ጋሽ አብዱረዛቅ ነበሩ። የከተማው ሰው «ሊቀ ጣፊያ» ብሎ ሾማቸው፤ እሳቸውም ሹመቱን አልጠሉትም።

ቀድሞ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበሩ። አሰብ ላይ ወገባቸው ተይዞ ሲወድቁ፣ ከመርከብ የወረደ ቻይናዊ ሐኪም ዐሥራ አንድ ቀን መርፌ እየሰካ አስነሣቸው። መሪ ጨብጠው ሄደው በሽተኛ ጨባጭ ሆነው ተመለሱ። ለሰላምታ እጁን የዘረጋላቸው ሰው እጁን ቶሎ አያገኛትም፤ የደም ሥሩን ይዘው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው «ምላስህን አውጣ!» ይላሉ። ጥርስም ይሁን ቁርጥማት ፍርዱ አንድ ነው፦ «ጣፊያህ አዝናለች።» ቆሽቴ አረረ፣ ሐሞቴ ፈሰሰ ሲል ለኖረ ሰው የጣፊያ ማዘን እንግዳ አልሆነበትም። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ቀዝቃዛ ትቶ ሙቅ ውሃ መጠጣት። ለጣርማ በር ብርድ ደግ ምክር ነው፤ በሮቢት ሐሩር ግን ቅጣት ነው።

ምግብ ቤት ያላት ሐረገወይን ብቻ እጇን ሳትሰጣቸው ቆየች። ምን ሆና! ልጇን ዘርትሁንን ከዳረች ወዲህ ቀሚሷ ሁለት ጊዜ ተተርትሮ ሰፍቷል፤ ያያት ሁሉ «ልጅ መዳር ተስማማሽ!» ይላታል። እሷም «ተመስገን» ትልና ማጀት ገብታ ሳይርባት ቆማ ትበላለች።

አንድ ቀን ሻይ ስታቀብላቸው እጇን ያዟት።

«ይልቀቁኝ ጋሼ፣ ወጡ ሊያርብኝ ነው!»

«ይረር። ይሄ የድሎት ውፍረት አይደለም፣ ሐሳብ ነው። ሐሳብ ጣፊያን ያደክማታል፤ እሷ ስትደክም የበሉት ሁሉ እርጥበት ሆኖ ገላ ላይ ይቀራል። ቻይናው ነው ያለው። ማንን አስቀይመሻል?»

ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። ለሠርጉ በሬ ጥላ፣ ድንኳን ሞልታ፣ ለእስላም እንግዶች ለብቻ የሚታረደውን ፍየል ረስታው ነበር። ሳምንት ሙሉ ሽንኩርት ስትከትፍ የሰነበተችው ሃያ ዓመት የተጎራበተቻት ቅመም ሻጯ ራቢዓ፣ ጦሟን ወደ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር አልተነጋገሩም።

«በምን ዐይኔ ልያት?» አለች።

«መድኃኒትሽ ዝንጅብል ነው» አሉ ሊቁ ቆፍጠን ብለው። «ከራቢዓ እጅ የተገዛ ብቻ!»

በማግስቱ ሐረገወይን ፍየል እየጎተተች ራቢዓ ደጃፍ ቆመች። ዝንጅብል ልትል አስባ ከአፏ የወጣው «ይቅር በይኝ» ነበር።

«ምነው ቶሎ ብትመጪ!» አለች ራቢዓ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ። «እኔንም ጣፊያሽ አዝናለች እያሉ ስምንት ወር ሙቅ ውሃ ግተውኛል!»

ፍየሉን ቢስሚላህ ብለው ያረዱት ራሳቸው ጋሽ አብዱረዛቅ ናቸው። ሐረገወይን ሃይማኖቷ ስለማይፈቅድ ከሥጋው አልቀመሰችም፤ አጠገባቸው ተቀምጣ ሲበሉ እያየች ጠገበች። ከሠርጉ ወዲህ አፏ ባዶ ሆኖ ደስ ሲላት ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ለመሆኑ ጋሼ፣ ቻይናው ይህን ሁሉ በምን ቋንቋ ነገረዎት?» አለች።

«እሱ አማርኛ አያውቅ፣ እኔ ቻይንኛ አላውቅ» አሉ እየሳቁ። «ጣፊያዬን በጣቱ ነካ አድርጎ ፊቱን አጨፈገገ፤ የቀረውን እኔ ሞላሁት።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ግን ዐሥራ አንድ ቀን እጄን ይዞ ፊት ፊቴን ሲያየኝ ሰነበተ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ እጄን የያዘኝ ሰው አልነበረም።»

ሐረገወይን እጇን ዘረጋችላቸው፤ ምላሷንም ሳትጠየቅ አወጣች። ጋሽ አብዱረዛቅ የደም ሥሯን ይዘው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

«ጣፊያሽ ስቃለች።»

«ውፍረቱስ?»

«እሱማ ከዛሬ ጀምሮ የድሎት ነው፤ ይቆይ።»