የደጃዝማች ጉርሜሳ የመጨረሻ ትዕይንት

[ነቀምቴ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ፤ የፈድሉ ፎቶ ኮፒ ቤት። አቶ አሻግሬ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርና የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር፣ ራሳቸው የጻፉትን ድራማ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ በቀይ ክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። የሱቁ ባለቤት ፈድሉ ጥቁር መነጽር አድርጎ ቆሟል። መብራት ስለሌለ ማሽኑ ዝም ብሏል።]

አሻግሬ፦ አውልቀው ብዬሃለሁ! ደጃዝማች ጉርሜሳ መነጽር አያደርግም!

ፈድሉ፦ በቅሎ ላይ ተቀምጠው ሲውሉ ፀሐይ ዓይናቸውን አትወጋቸውም?

አሻግሬ፦ ታሪኩ የዛሬ መቶ ሃያ ዓመት የሆነ ነው እኮ!

ፈድሉ፦ ያኔ ፀሐይ አልነበረችም?

አሻግሬ፦ ነበረች! የዚያን ዘመን ሹም ግን ፀሐይን በግንባሩ ይቀበላት ነበር። ጥቁር መነጽር የአሁኖቹ ነው። የአሁኑ ሹም ዓይኑን የሚሸፍነው ከፀሐይ ሳይሆን ከባለጉዳይ ነው።

ፈድሉ፦ ቶሌ፣ እሺ። [መነጽሩን ያወልቃል] እኚህ ደጃዝማች ግን የት አገር ነው የገዙት? ዲጋ ወረዳ አማቾች አሉኝ፣ ስማቸውን የሚያውቅ አላገኘሁም።

አሻግሬ፦ እንዴት ታገኛለህ? እኔ የፈጠርኩት ሰው ነው።

ፈድሉ፦ ታሪክ ነው አላሉኝም?

አሻግሬ፦ ልብ ወለድ ታሪክ ነው! ያለፈውን መሪ ከዛሬው ጋር አቆመዋለሁ፤ ሕዝቡ አይቶ ይፈርዳል። ዛሬ በእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አንተ ደጃዝማቹን ሆነህ፣ እኔ ከንቲባውን ሆኜ እናቀርበዋለን። ይህ መብራት መጥቶ ሃምሳ ቅጂ ካወጣህልኝ ማለቴ ነው።

ፈድሉ፦ ጉባኤው የተጠራው ለስምንት ሰዓት አልነበረም?

አሻግሬ፦ ነው።

ፈድሉ፦ አሁን ስምንት ከሩብ ነው።

አሻግሬ፦ ታዲያ? ያለ እኔ አይከፈትም! ደንቡ አንቀጽ ዘጠኝ ምን ይላል? «ሊቀመንበሩ ካልከፈተው ጉባኤ የለም» ይላል። የጻፍኩት እኔ፣ ቅጂ ያወጣኸው አንተ።

ፈድሉ፦ እኔ እኮ የማወጣውን አላነብም፣ ጋሽ አሻግሬ።

አሻግሬ፦ ያስታውቃል።

[የፈድሉ ስልክ ይጮኻል። ያነሳዋል።]

ፈድሉ፦ ሄሎ፣ ሮቤራ። አካም፣ እንዴት ነህ? እ… እ… [ለአሻግሬ] ጸሐፊው ነው። አዳራሹ ሞልቷል፤ ዛሬስ የሊቀመንበር ምርጫው ይደረጋል ወይ ብለው ሰዎቹ ይጠይቃሉ ነው የሚለው። አሥራ አንድ ዓመት ጠብቀዋል ይላል።

አሻግሬ፦ አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ሕዝብ አንድ ሰዓት አያቅተውም። ይጠብቁ በላቸው!

ፈድሉ፦ [በስልኩ] ሰማህ? ይጠብቁ ብለዋል። እኔም እሳቸው ጋ ነኝ፤ እናንተ ዝም ብላችሁ ስሙ… ማለቴ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። [ስልኩን ሳይዘጋ ማሽኑ ላይ ደፍቶ ያስቀምጠዋል]

አሻግሬ፦ ጎረቤትህ እነ ሱአድ ቤት ግን ሬዲዮ ይሰማኛል። መብራት እነሱ ጋ አለ እንዴ?

ፈድሉ፦ በባትሪ ነው።

አሻግሬ፦ አዎን፣ በባትሪ ነው። ድምፁ ይለያል፤ እኔ አውቃለሁ። ወደ ነገራችን እንመለስ። የቀድሞው መሪ ከአሁኑ በምን ይለያል? ደጃዝማች ጉርሜሳ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ችሎት ይሰማል። ጥበቃ የለውም፣ አጥር የለውም። የአሁኑስ? በሦስት መኪና ይመጣል፤ አንዱ ለእሱ፣ ሁለቱ ለግርማው።

ፈድሉ፦ ደጃዝማቹን ማን መረጣቸው?

አሻግሬ፦ አባቱ ናቸዋ። ሲሞቱ ተተካ።

ፈድሉ፦ ከንቲባውንስ?

አሻግሬ፦ ጉባኤ።

ፈድሉ፦ ጉባኤውን ማን ጠራው?

አሻግሬ፦ ከንቲባው።

ፈድሉ፦ እና በምንድነው የሚለያዩት?

አሻግሬ፦ በበቅሎዋ! [ይቆጣሉ] አታደናግረኝ! ልዩነታቸው መጨረሻቸው ላይ ነው። ደጃዝማች ጉርሜሳ በሥልጣን ላይ ስምንት ዓመት ሲሞላው በራሱ ፈቃድ ይወርዳል። የአገሩ ሰው በገዳ ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን ሲያስረክብ አይቶ፣ እኔስ ከማን እበልጣለሁ ብሎ የጎተራውን ቁልፍ ለሕዝቡ ይመልሳል። የድራማዬ ነፍስ እዚህ ላይ ነው! ከንቲባው ግን ወንበሩን እንደ ቆዳው ለብሶታል።

ፈድሉ፦ ዱጋ ነው፣ እውነት ነው። ስምንት ዓመት በቂ ነው?

አሻግሬ፦ ከበቂ በላይ ነው! ከዚያ ያለፈ መሪ እንጀራውን ሳይሆን አገልጋዩን መብላት ይጀምራል።

ፈድሉ፦ እርስዎ ስንት ሆነዎት?

አሻግሬ፦ ምን ስንት?

ፈድሉ፦ እድሩ ላይ።

አሻግሬ፦ አሥራ ዘጠኝ። እድር ግን ሌላ ነው፤ እድር ብስለት ይጠይቃል። ለማን ልተወው? ጉቴ ከተማ ልጄ ዘንድ ሁለት ወር ስሰነብት እንኳ አልተውኩትም። በስልክ አስተዳደርኩት! ለዚህ ብዬ አይደል አንቀጽ አሥርን ያስገባሁት? «የሊቀመንበሩ ድምፅ በስልክ ከተሰማ ሊቀመንበሩ በአካል እንደተገኘ ይቆጠራል»። እንዲህ ያለ አንቀጽ ያለው እድር በወለጋ የለም።

ፈድሉ፦ የእድርተኛችን የአዴ ኸይሪያ ባል ያረፉት ያኔ ነው።

አሻግሬ፦ አዎን። በስልክ አጽናንቻታለሁ።

ፈድሉ፦ ድንኳኑ ዕቃ ቤት ነበር።

አሻግሬ፦ ነበር።

ፈድሉ፦ ቁልፉ እርስዎ አንገት ላይ፣ ጉቴ።

አሻግሬ፦ በጥንቃቄ ተይዞ!

ፈድሉ፦ ለቀስተኛው ዝናብ ላይ ተቀመጠ።

አሻግሬ፦ ዝናቡን እኔ ነኝ ያዘነብኩት? ቁልፍ በየእጁ ከዞረ ድንኳኑ ይጠፋል። ሕዝብ ዕቃ መያዝ አያውቅም፤ እጁ ያፈስሳል። እረኛ ያስፈልገዋል።

[ከተደፋው ስልክ የጉርምርምታ ድምፅ ይሰማል።]

አሻግሬ፦ ምንድነው እሱ?

ፈድሉ፦ የሱአድ ሬዲዮ ነው። ድምፁ ይለያል።

አሻግሬ፦ ይለያል። ቀጥል፤ ቃልህን በል።

ፈድሉ፦ [ወረቀቱን ያነብባል፤ እንደ ተማሪ] «ዘ-መ-ኔ አበቃ፣ ቁል-ፉን…» አልሆነልኝም። እርስዎ ያሳዩኝ እስቲ።

አሻግሬ፦ ድንጋይ! ተዋናይ ወረቀት አያነብም። ሰውየውን ከገዛ ሕይወቱ ነው የሚያወጣው። የራስህን ስም፣ የራስህን ወንበር፣ የራስህን ዕቃ አስበህ ትገባለህ።

ፈድሉ፦ የራሴ ወንበር ላይ እርስዎ ተቀምጠዋል። በእርስዎ ያሳዩኝ። መጀመሪያ የአሁኑን፣ ቀጥሎ የድሮውን። ሁለቱን ጎን ለጎን ካየሁ ይገባኛል። ከንቲባው ጉባኤ ሲከፍት እንዴት ነው?

አሻግሬ፦ [ይነሳሉ፤ ኮታቸውን ይቆልፋሉ፤ ድምፃቸውን ያወፍራሉ] ስማ እንግዲህ። «ክቡራንና ክቡራት! እኔ ሊቀመንበር አሻግሬ፣ በተሰጠኝ ሥልጣን መሠረት፣ የዛሬው ጠቅላላ ጉባኤ በይፋ መከፈቱን አበስራለሁ!» ሆድ እንደሚወጣ አየህ? ቃሉ ቀድሞ፣ ሆዱ ተከትሎ!

ፈድሉ፦ ሜ፣ እባክዎ፣ ጮክ ይበሉ። መንገድ ላይ ባጃጆቹ ይረብሻሉ።

አሻግሬ፦ [እየጮኹ] «በይፋ ተከፍቷል!»

ፈድሉ፦ አሁን ገባኝ። ደጃዝማቹስ? ቁልፍ ሲያስረክቡ?

አሻግሬ፦ እዚህ ላይ ጩኸት የለም። ትልቅ ሰው ሲወርድ ድምፁም አብሮት ይወርዳል። [ቁልፉን ከአንገታቸው ያወልቃሉ፤ በሁለት እጃቸው ይይዙታል] «ወገኖቼ፣ እኔ አሻግሬ ከሚገባኝ በላይ ቆይቻለሁ። ይህ ቁልፍ የእኔ ጌጥ ሳይሆን የእናንተ አደራ ነው። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ወርጃለሁ። የምትሹትን ምረጡ፤ የመረጣችሁትን እታዘዛለሁ።» [ቁልፉን ለፈድሉ ይሰጡታል] አየህ? ጎንበስ፣ ግን ሳይሰበሩ!

ፈድሉ፦ [ቁልፉን ይመልስላቸዋል] ቁልፉን ሲሰጡ ጣትዎ አልለቅ አለ። ደጃዝማቹም እንደዚያ ነበሩ?

አሻግሬ፦ አልለቅ አለ? እኔን? ስጠኝ! [ይደግሙታል፤ በዚህ ጊዜ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል] «…ከዚህ ሰዓት ጀምሮ ወርጃለሁ። የምትሹትን ምረጡ።» እንካ! ለቀቅኩ ወይስ አልለቀቅኩም?

ፈድሉ፦ ለቀቁ። [ቁልፉን ኪሱ ይከትታል] ከዚያስ ደጃዝማቹ ምን ይሆናሉ?

አሻግሬ፦ ከሕዝቡ መካከል ይቀመጣል። ከኋላ።

ፈድሉ፦ አይናገሩም?

አሻግሬ፦ ካልተጠየቀ አይናገርም። ትልቅነቱ ዝምታው ነው። ከወረደ ወዲያ «እኔ በነበርኩበት ጊዜ» የሚል መሪ አልወረደም፤ ደረጃው ላይ ቆሟል እንጂ።

ፈድሉ፦ አዲሱን መሪስ ይሰድባሉ?

አሻግሬ፦ በፍጹም! የመጀመሪያው አጨብጫቢ እሱ ነው።

[ከተደፋው ስልክ ረጅም ጭብጨባና እልልታ ይፈነዳል። አሻግሬ ዞር ይላሉ።]

አሻግሬ፦ ይኼስ የባትሪ ሬዲዮ ነው?

ፈድሉ፦ [ስልኩን ገልብጦ ያነሳል] ሄሎ፣ ሮቤራ? በስንት ድምፅ? … ሁሉም? ኸረ አልሐምዱሊላህ። ቃለ ጉባኤውን ላክልኝ፣ ቅጂ አወጣዋለሁ።

አሻግሬ፦ ምን… ምን ቃለ ጉባኤ? ጉባኤው መቼ ተከፈተ?

ፈድሉ፦ ሆድዎ ሲወጣ። ድምፅዎ አዳራሹ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር፣ ጋሽ አሻግሬ። በስልክ። አንቀጽ አሥር።

አሻግሬ፦ [ወንበሩን ይይዛሉ] አላነብም ብለኸኝ?

ፈድሉ፦ የማወጣውን ሁሉ አነባለሁ። በቀን ሦስት ሰው በማይመጣበት ሱቅ ሌላ ምን ይሠራል? የእድራችንን ደንብ አሥራ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። መውጫ ስፈልግ አጣሁ፤ መስኮት እንኳ የለውም። ከዚያ አሥርን አገኘሁ። ራስዎ የተዉት በር ነው።

አሻግሬ፦ ይህ ድራማ ነው! ድራማ ሕግ አይሆንም!

ፈድሉ፦ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ምርጫ ይደረጋል ሲሉን እኛም ድራማ ነው ብለን ተቀመጥን። ድራማ መሆን አለመሆኑን ሰብሳቢው ይወስን።

አሻግሬ፦ ሰብሳቢው እኔ ነኝ!

ፈድሉ፦ ነበሩ።

[ፈድሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ዋና ማብሪያ ይጫናል። አምፖሉ ይበራል፤ ማሽኑ ማጉረምረም ይጀምራል።]

አሻግሬ፦ መብራቱም…

ፈድሉ፦ እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሃምሳ ቅጂው ቶሎ ቢወጣልዎ ኖሮ ድራማውን አሳይተው ምርጫውን ሳያስደርጉ ጉባኤውን ይበትኑት ነበር። እንደ አምናው፣ እንደ ካቻምናው።

አሻግሬ፦ ማን… ማንን መረጡ? አንተን እንዳይሆን ብቻ!

ፈድሉ፦ አዴ ኸይሪያን። ለሦስት ዓመት፤ ከዚያ ይወርዳሉ። የመጀመሪያ ትእዛዛቸውም ቁልፉ ለቁልፍ ቀራጭ ተሰጥቶ ሦስት ሆኖ በሦስት ቤት እንዲቀመጥ ነው። በማሽኔ ቅጂ ማውጣት ያቃተኝ እሱን ብቻ ነበር።

አሻግሬ፦ [ቀስ ብለው ይቀመጣሉ፤ አንገታቸውን ይዳስሳሉ፤ ክሩ የለም።] እሷ… ያን ቀን ብዙ ረጥባ ነበር?

ፈድሉ፦ ሁላችንም።

[አሻግሬ ወረቀቶቻቸውን ይሰበስባሉ። አንደኛው ገጽ ላይ ዓይናቸው ይቀራል።]

አሻግሬ፦ ፈድሉ።

ፈድሉ፦ አቤት፣ ጋሼ።

አሻግሬ፦ እንደው ለማወቅ ያህል ነው… ድራማውን ወደዱት?

ፈድሉ፦ [ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ይጠይቃል፤ ያዳምጣል] የመጨረሻውን ትዕይንት ብቻ ነው የወደዱት። ከዚያ በፊት ያለው ግን አሥራ አንድ ዓመት ረዝሟል ይላሉ።