ትኩሳት ሳይኖራት የታመመችው የከድር መኪና

አንድ ሰው መኪና ሲገዛ ጎረቤቱ ሁሉ መካኒክ ይሆናል። እናንተ ሰፈር እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ መቱ ግን የተከፈተ ኮፈን አይቶ ምክር ሳይሰጥ የሚያልፍ ወንድ የለም። ሰው ቢታመም እንኳ ይህን ያህል ጠያቂ አያገኝም።

ጎረቤቴ ከድር፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ አውቶማቲክ መኪና ገዛ። «ማርሹን ራሷ ታውቃለች» እያለ ግራ እግሩን ጡረታ አወጣው። የወንድሙን ልጅ ሊድር ሲነሳም እኔንና አንድ ሌላ ጎረቤታችንን ለሽምግልና ጭኖ ወደ ቡሬ ጉዞ ሆነ። የምንጠይቃት ልጅ አባት ኦቦ ተማም ኮስታራ ሰው ናቸው፤ ከዚህ በፊት አርፍደው የመጡ ሽማግሌዎችን ከደጅ መልሰዋል።

ጎሬ ላይ ቁርስ በልተን፣ በብርዱ ጋቢያችንን ተከናንበን ስንነሳ፣ መኪናዋ «የካምቢዮ ዘይት ሞቋል» የሚል መብራት አበራች። ከዚያ አንድ ማርሽ ላይ ተቸንክራ ቀረች። አቃሰተች እንጂ አልሮጠችም። ጎረቤታችን የሰው ዓይን ነው አለ፤ እኔ ነዳጁን ጠረጠርኩ፤ ከድር ካምቢዮው ተቃጥሏል ብሎ ላብ አጠመቀው። አህያ የጫነ ገበሬ ሰላም ብሎን አለፈ።

ቡሬ ስንደርስ ኦቦ ተማም ደጃቸው ላይ ቆመው ዳገቱን ስንንፏቀቅ ያዩን ነበር። አርፍደናል። አንገታችንን ደፍተን ወረድን። እሳቸው ግን ወደ ቤት አስገቡንና፣ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሰው እንዲህ ረጋ ሲል ደስ ይለኛል» አሉ። እሺታውን ያገኘነው በዚያው ዕለት ነው። ስለ ካምቢዮው ማንም ትንፍሽ አላለም።

መቱ ስንመለስ ሰፈሩ በሙሉ ካምቢዮው ይውረድ ብሎ ፈረደ። ጋራዥ ያላት ጫልቱ ግን፣ ሙያዋን መደበቅ የማትወድ ሴት ናትና፣ «መጀመሪያ እኔ ልያት» አለች። መኪናዋ እዚያው ጋራዡ አደረች፤ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ጫልቱ የመመርመሪያ ኮምፒውተሯን ሰካችባት። ዘይቱ ከፈላ ውሃ በላይ ሞቋል ይላል።

«ጋሼ ከድር፣ ሌሊቱን ቆማ ያደረች መኪና ዘይቷ ከአየሩ እኩል መቀዝቀዝ ነበረበት። ሴንሰሩ እየዋሸ ነው» አለችው።

እንደነገረችን፣ ሴንሰሩ ዘይቱ ውስጥ ተነክሮ ይቀመጣል፤ ዘይቱ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሳልፋል፣ ሲቀዘቅዝ እምቢ ይላል። የካምቢዮው ኮምፒውተር ሙቀቱን የሚያውቀው ከዚያ ነው፤ በጣም ሞቀ ከተባለ ካምቢዮው እንዳይቃጠል ማርሽ መቀየሩን ይተዋል። ጫልቱ የሴንሰሩን ሶኬት ነቀለች፤ ንባቡ ወዲያው ወርዶ የበረዶ ቅዝቃዜ አሳየ። ሽቦው ደህና ነው ማለት ነው። ሴንሰሩን በቴስተር ስትለካው ግን ውስጡ ተገናኝቶ፣ በብርድም ኤሌክትሪኩን ያለ ምንም እምቢታ ያሳልፋል። ቀየረችው። መኪናዋ ዳነች፤ ካምቢዮ ይውረድ ያለው ሰፈር ቅር አለው።

ችግሩ ሰርጉ ላይ መጣ። ኦቦ ተማም አማቾቻቸው የረጉ ሰዎች መሆናቸውን ለቡሬ ሁሉ አውርተዋል። ከድር ምን ያድርግ? መብረር የምትችለውን መኪና አጃቢውን ሁሉ ከኋላው አስከትሎ እንደ ኤሊ ነዳት። ጥሩምባ በጥሩምባ ሆንን። አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጎናችን ደርሶ በመስኮት ብቅ አለና፣ «ጋሼ፣ ካምቢዮው ነው?» ሲል አዘነለት።

ከድር ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል መለሰ፤ «ካምቢዮውስ ደህና ነው። አማቾቻችን ናቸው።»