ዓይን ማዝ የታደመበት ሰርግ

ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። እውነት ነው። በሽታውንስ የሚያመጣለት ማን ሆነና? ያው ሰው ነው! ተላላፊ በሽታ በእግሩ አይሄድም፤ የሚያደርሰው ወዳጅ ይፈልጋል። ስኳርና ሳሙና በወረፋ በነበረበት በደርግ ዘመን ናዝሬት ደግሞ ያለ ወረፋ የሚገኘው ወዳጅ ብቻ ነበር።

እህቴ አስቴር ልታገባ ስትል ዓይን ማዝ ሰፈራችን ገባ። ሰርጉ ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው የመጨረሻ እሁድ ነው፤ ካለፈ እስከ ፋሲካ የለም። በዚያ ዘመን አንድ ጎረምሳ ሙሽራ ከፋሲካ በኋላ በየትኛው ግንባር እንደሚገኝ ማን ያውቃል? ጠላው ተጠንስሷል፤ የእናቴ ልብ ተንጠልጥሏል።

ቀበሌው ሰበሰበን። ጤና ረዳቱ በሽታው በእጅ፣ በፎጣና በመሳሳም እንደሚተላለፍ አስረዳ፤ ሊቀ መንበሩም መሳሳም ለጊዜው መታገዱን አወጀ። አጨበጨብን። ከዚያ እንደ ወጋችን ተሳስመን ተለያየን። ማንንም ያልሳሙት ጋሽ ተፈራ ብቻ ነበሩ፤ ሰላምታቸው ባርኔጣ ከማንሳት የማያልፍ፣ ሰፈሩ "ኩሩ" የሚላቸው ጡረተኛ ጎረቤታችን።

እናቴ ግን ብልህ ናት። ሙሽራይቱን ከበሽታው ልታሸሽ አቦምሳ፣ አክስቴ ዘንድ ልትልካት ቆረጠች። ምስጢሩን የነገረችው ለአንዲት ጎረቤት ብቻ ነው፤ ለእትዬ ጫልቱ። በማግሥቱ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ አውቶቡስ ተራ ተገኘ። ሙሽራ ሳይሰናበቱ መቅረት ነውር አይደለም እንዴ? እትዬ ጫልቱ የቀላ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው፣ በዚያው ጫፍ የአስቴርን እንባ አበሱና፣ "ነጋቲ፣ ደህና ሁኚ ልጄ፣ ከዚህ በሽታ ይሰውርሽ" ብለው አገላብጠው ሳሟት።

አቦምሳ ገና ሳትደላደል ዓይኗ ቀላ። እጮኛዋ ሰማ። ታማ ሳይጠይቃት ሊቀር ነው? ሚዜዎቹን አስከትሎ ሄደ፤ ጠየቀ፤ በሽታውን ይዞ ተመለሰ።

ሰርጉ ግን አልቀረም። ፎቶው ዛሬም እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። ሙሽሮቹ፣ ሚዜዎቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከየትም ተለቅሞ የመጣ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። የልጅ ልጆቿ "እነዚህ ሁሉ የደኅንነት ሰዎች ነበሩ?" እያሉ ይስቃሉ። እኔ ግን ያ ሰፈር ይናፍቀኛል። ዛሬ በሬን ዘግቼ ለብቻዬ ታምሜ ለብቻዬ እድናለሁ፤ ጠያቂም የለ፣ የማስተላልፍለትም የለ።

ከፎቶው ዳር ባርኔጣቸውን ይዘው፣ ጥርት ባለ ዓይን ወደ ካሜራው የሚያዩት ጋሽ ተፈራ ብቻ ናቸው። እናቴ መስተዋቱን በወለወለች ቁጥር ጣቷን እሳቸው ላይ ታሳርፍና ከንፈሯን ትመጥጣለች።

"ምስኪን! አንድ እንኳ የሚስማቸው ሰው አልነበራቸውም።"